እስክሪብቶ አይለቅም

አርቲጋል፣ ረቢዑል አወል 6 ቀን 1397

ለወንድሜ ለታጅ አልሲር፣ ጂዳ

ሰላምታዬን ዓባይ ወስዶ ቢያደርስልኝ ደስ ባለኝ፤ የእሱ መንገድ ግን ወደ ግብጽ ስለሆነ በፖስታ ልኬዋለሁ። አላህ ጤናህን ያብዛው፣ የሰው አገር ውሃ ይስማማህ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሲዲቅ ወገቡን ከማማረር በቀር ምንም አልሆነም። የምጠብቃቸው የተማሪዎች ማደሪያ ልጃገረዶችም ደህና ናቸው፤ ከመኝታ በኋላ መሳቃቸውን ቢተዉልኝ እኔም እንደ ሰው እተኛ ነበር።

አጎታችን ሐጅ ዐብደልገፋር ካረፉ ወዲህ የቤታቸው ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። «አጎታችን» እላለሁ እንጂ ዝምድናችንን በትክክል ልቁጠር ብል ጣቴ ያልቃል፤ አባትህ የአጎታቸው ልጅ፣ እናቴ ደግሞ የአክስታቸው የልጅ ልጅ። ግን በዚህች ደሴት ላይ እሳቸው አጎቱ ያልሆኑ ማን አለ? ግማሹን ቴምር ያስተከሉ እሳቸው፣ የውሃውን ሞተር ያመጡ እሳቸው፣ ከአባቴ ጋር ተጨቃጭቀው እኔን ሁለተኛ ደረጃ ያስጨረሱ እሳቸው። ልጃቸው ሙዕተሲም ለቀብሩ ከካርቱም መጥቶ የመሬቶቹን ካርታ መዝዞ ወሰደና «የቀረውን ወረቀት አንቺ እንደፈለግሽ አድርጊው» ብሎኝ ተመለሰ።

የቀረው ወረቀት አራት የቆርቆሮ ሳጥን ሙሉ ነው። የናፍጣ ደረሰኝ፣ በመርከብ የተጫነ ቴምር፣ ካርቱም ካሉ ነጋዴዎች ጋር የተጻጻፉት፣ ለሟች ሚስታቸው የላኩት፣ የእርቅ ወረቀት፣ የስጦታ ወረቀት። ለአንድ ሰው ይህን ሁሉ ለመጻፍ ዕድሜ እንዴት እንደበቃቸው እንጃ።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርህ። ባለፈው ወር የጀልባው ሰው ሚስት ነፊሳ ትንሹን ልጇን ሐምዳንን ታቅፋ መጣች። ልጁ እንደ ምድጃ ይፋጃል።

«በቱል እህቴ፣ ከሐጅ ጽሑፍ አንዲት ስጪኝ» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊው?»

«አጥቤ ላጠጣው ነዋ። ሼኹ የጻፉልን አልበጀውም። የሐጅ እጅ ከሼኹ እጅ ያንሳል እንዴ?»

አሰብኩት፤ እውነቷን ነው። አሮጊቶቹ የሚሉትን ታውቃለህ፦ የቁም ሰው ጽሑፍ ቀለም ብቻ ነው፣ በረከት የሚያድርበት ደጉ ሰው ካለፈ በኋላ ነው። በቢስሚላህ የሚጀምረውን፣ ፊደሉ እንደ ቴምር ዘለላ የተንዠረገገውን አንዱን ቆንጆ ወረቀት መረጥኩ። መጀመሪያ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ የሚጠጡትን ማወቅ ጥሩ ነው። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነከርነው። ወላሂ ታጅ፣ ያ የጥላሸትና የሙጫ ቀለም ወዲያው ለቀቀ። ልጁ ጠጣ። በማግስቱ የእኔን ዶሮ ሲያባርር አየሁት።

ከዚያማ ምኑን ልንገርህ። ሴቱ ሁሉ እኔ በር ላይ ነው። ለትኩሳት፣ ለወሊድ፣ አንዷ ደግሞ ለባሏ አመል። የማይሆነው በእስክሪብቶ የተጻፈው ብቻ ነው፤ እስክሪብቶ አይለቅም። በታይፕ የተመታውም እንደዚያው። የጥላሸቱ ግን ጥርት ብሎ ይወርዳል። ሲዲቅ ምን አለ መሰለህ? «በሕይወት ሳሉ በላናቸው፣ አሁን ደግሞ ጠጣናቸው።» ቀልዱን ነው እንጂ እሱም ለወገቡ አንድ ጠጥቷል።

ይህን ሁሉ ደስታ ለማን እንደምነግረው ቸግሮኝ ነበር። ጻፍልኝ።

እህትህ በቱል


ጂዳ፣ ረቢዑ ሳኒ 2 ቀን 1397

ለክብርት እህቴ ለበቱል

ሰላምና የአላህ እዝነት በቤትሽ ላይ ይውረድ። እኔ አልሐምዱሊላህ ሙሉ ጤና ነኝ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ደብዳቤሽን ከመጋዘኑ ጓደኞቼ ጋር ሆኜ ነበር የከፈትኩት። ስለ ሲዲቅ ወገብ ሳነብላቸው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለራሴ ብቻ አነበብኩ።

በቱል፣ ከዛሬ ጀምሮ አንዲትም ወረቀት ውሃ እንዳይነካት። ሳጥኖቹን ቆልፊ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። እዚህ ወደብ ላይ አንድ የካርቱም ነጋዴ አገኘሁ። የአርቲጋል ልጅ መሆኔን ሲሰማ ደስ ብሎት «ጎረቤት ልንሆን ነው፣ ምሥራቁን የቴምር ርስት ከሙዕተሲም እየገዛሁ ነው» አለኝ። የማደሪያው ልጆች የሚበሉት ከየትኛው ርስት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ያ ርስት ከተሸጠ፣ ከላይኛው መንደር የሚመጡት ልጃገረዶች የሚያድሩበትም የሚማሩበትም አይኖርም።

ሐጅ ርስቱን ለአላህ ሰጥተው ወቅፍ አድርገውታል። ደሴቱን ውሃ በዋጠው ዓመት፣ እኔ ገና ጢም ሳላበቅል፣ ቀለሙን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። በመቃ ብዕር ጻፉት። «ምሥራቁ ርስት እስከ ዕለተ ትንሣኤ ለሚማሩ ሴት ልጆች ነው፣ አይሸጥም፣ አይወረስም» ይላል። አባቴና እኔ ምስክር ሆነን ስማችን ሰፈረ። አባቴ «መንግሥት ዘንድ እናስመዝግበው» ቢላቸው «የምሰጠው ለአላህ ነው፣ አላህ ደግሞ መዝገብ አለው» አሉ። መንግሥት ዘንድ ያለው ካርታ ዛሬም በእሳቸው ስም ነው፤ ከዚያ ወረቀት በቀር ሌላ ማስረጃ የለንም።

ፈልጊው። ስታገኚው ወደ ከተማ ቃዲው ዘንድ ውሰጂው።

ወንድምሽ ታጅ አልሲር


አርቲጋል፣ ጁማደል ኡላ 4 ቀን 1397

ለወንድሜ ለታጅ

ሰላም ለአንተ ይሁን። እኛ ደህና ነን፣ እህል ግን አልወርድ ብሎኛል።

መፈለግ አላስፈለገኝም። ደብዳቤህን አንብቤ ሳልጨርስ ገብቶኛል። በቢስሚላህ የሚጀምረው፣ ፊደሉ የተንዠረገገው፣ ከሁሉ አስቀድሜ የመረጥኩት። ሐምዳን የጠጣው እሱን ነው።

ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ እኮ። «ለሚማሩ ሴት ልጆች ነው» የሚለውን ሳነብ ነፊሳ እንባዋ መጣ። አገር ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ወረቀት ምን ይጠብቀዋል ብዬ ነው የነከርኩት። ሙዕተሲምን ያዘልኩት እኔ፣ ንፍጡን የጠረግኩለት እኔ፤ እንዴት እጠርጥረው?

አንድ ነገር ግን ተርፏል። ስንነክረው ግርጌውን በጣቴ ይዤ ነበር፤ እዚያ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው፣ ስም ምን ይጠጣል ብዬ። ወርዱ ጣት የሚያክል ቁራጭ ነው። የሐጅ ፊርማ አለበት፣ ቀኑ አለበት፣ «ምስክር» ብሎ የአባትህና ያንተ ስም አለበት።

እሱን ይዤ ከነፊሳ ጋር በጀልባ ተሻገርኩ። ቃዲው ቀጭን ሽማግሌ ነው። ቁራጩን አገላብጦ አየና፦

«ላይኛው የት ሄደ?» አለኝ።

«ልጅ ጠጣው፣ ጌታዬ።»

ጸሐፊው ሳቀ። ቃዲው አልሳቀም። «ተሻለው?» አለ።

«ተሽሎታል።»

«አልሐምዱሊላህ። ምን ይል ነበር?»

እኔም ነፊሳም ቃል በቃል አልንለት። እሷ ፊደል ባትቆጥርም አንዲት ቃል አላጎደለችም። አዳመጠንና «እናንተ የሰማችሁት ወረቀቱን ነው፣ ሰውየውን አይደለም» አለን። «ሰውየው ሲሰጥ ያየ ያስፈልጋል። እዚህ ሁለት ስም አለ።»

«አንደኛው ሞቷል፣ ጌታዬ። ሁለተኛው ጂዳ ነው።»

«እንግዲያስ ይምጣ። እሱ ቆሞ ከማለ ይህ ቁራጭ ይናገራል። ካልመጣ ግን የቆሻሻ ወረቀት ነው።»

ስለዚህ ወንድሜ፣ ና። አንተ ስትቆም ነገሩ ያልቃል። ለወረቀቱ እኔን ትቀጣኛለህ፤ ጀልባው ላይ ቆመህ እንደ ልጅነታችን ብትሰድበኝም እችለዋለሁ። ብቻ ና።

በቱል


ጂዳ፣ ረጀብ 21 ቀን 1397

ለክብርት እህቴ ለበቱል

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ሙሉ ጤና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስቢ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ። የመርከብ ወቅት ነው፣ አሠሪዬም ፓስፖርቴን ይዟል። ከረመዳን በኋላ እመጣለሁ፤ ለዒድ ካልደረስኩ ከዒድ ማግስት።

ለልጃገረዶቹ ጨርቅ ልኬያለሁ፤ ሰማያዊው ለትልልቆቹ ነው። ሰው ስታገኚ ደረቅ ባምያ ላኪልኝ፣ ጨው ግን አትጨምሪበት። እኔ ስወለድ አባቴ የተከለልኝ ቴምር ዘንድሮ ያዘ? ማን ነው የወጣበት?

ስለ ወረቀቱ ብዙ አትጨነቂ። ልቤ ያዘነው በአንቺ አይደለም።

ታጅ

የእጅ ጽሑፌ የተበላሸው ብዕሩ መጥፎ ስለሆነ ነው።


አርቲጋል፣ ሸዕባን 22 ቀን 1397

ለወንድሜ ለታጅ

ዓባይ እየሞላ ነው፣ የአላህ ሰላም ከእሱ በላይ ይሙላልህ።

ጨው አታድርጊ? ጂዳ የሚባለው አገር ባሕሩ ሁሉ ጨው፣ አንተ ደግሞ ጨው ጠላሁ ትላለህ። ሲዲቅ «ሀብታም ሆኗል፣ ሀብታም ነው እንዲህ የሚበላ» አለ። ለማንኛውም ያለ ጨው አድርቄልሃለሁ፤ መጥተህ ትወስደዋለህ።

የቃዲው ቀጠሮ ሸዋል አምስት ነው። የሙዕተሲም ወኪል መጥቶ ምሥራቁን ርስት በገመድ ለካው። ከካርቱም የመጣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። የእያንዳንዱን ዛፍ ግንድ ኖራ ቀባው። ልጆቹ ከትምህርት ሲመለሱ ቆመው ያዩታል። ከላይኛው መንደር የመጣችው ሱዓድ፣ ያቺ ምላሷ የሚሮጥ፣ ጠጋ ብላ «ዛፎቹን ልታገባቸው ነው ነጭ የምታለብሳቸው?» አለችው።

«አይ፣ ልሸጣቸው ነው» አላት።

«ዛፎቹ የኛ ናቸው።»

«ወረቀት አላችሁ?»

«ሐምዳን ሆድ ውስጥ አለ» አለችው። ሰውየው ልጅቷ እብድ ናት ብሎ ሄደ። እኛ ሳቅን፤ ስንስቅ ግን ማንም ማንን አላየም።

ቴምርህን ጠይቀህ ነበር። ይዟል፣ ዘለላው ከብዶት ጎንበስ ብሏል። የወጣበት ዐም ቡሻራ ነው፤ በዚያ ዕድሜው ጦጣ ነው የሚመስል። ፍሬውን ሳናወርደው ብንጠብቅህ ይሻላል ብለናል።

ከዒድ ማግስት ጀምሮ ወደቡ ላይ ነኝ። ነጭ ልብስህን ልበስ፣ ከሩቅ እንዳውቅህ።

በቱል


አርቲጋል፣ ሸዋል 11 ቀን 1397

ለታጅ አልሲር

ሰላም ለአንተ።

ዒድ አለፈ። ጀልባው መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ነጭ የለበሰ ሁሉ አንተን ይመስለኝ ነበር። ሲዲቅ ወገቡን ይዞ ከጎኔ ቆሟል፤ በመጨረሻ «ነይ እንግባ፣ ፀሐይ እየመታሽ ነው» አለኝ፣ እሱ መቼም ለእኔ ፀሐይ አስቦ አያውቅም።

በቀጠሮው ቀን ያለ አንተ ተሻገርን። ቃዲው ስምህን አስጠራ። ደግሞ አስጠራ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በደግ ቃል ጠየቀኝ፤ ደግነቱ ነው አሁን የሚያንገበግበኝ። «ሴትዮ፣ ይህ ሰው ታሟል ወይስ ደህና ነው? ከታመመ ሕጉ መንገድ አለው። ቃሉ በተኛበት ይወሰዳል፣ እኔም እጠብቃለሁ። ደህና ሆኖ ካልመጣ ግን ምስክርነቱን እንደተወ እቆጥረዋለሁ።»

ደብዳቤህ ጉያዬ ውስጥ ነበር። አወጣሁና ሰጠሁት። ጮክ ብሎ አነበበው፦ «እኔ አልሐምዱሊላህ ሙሉ ጤና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስቢ።»

አጠፈና መለሰልኝ። ፍርዱ ለሙዕተሲም ሆነ። የይግባኙ በር ወንዴው አበባ በሴቴው ላይ እስከሚታሰርበት እስከ ቀጣዩ የቴምር አበባ ማሰሪያ ድረስ ክፍት ነው ብሏል፤ ከዚያ በኋላ ርስቱ ለገዢው ይተላለፋል።

ስመለስ ልጆቹ በር ላይ ቆመው ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ሱዓድ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታችልኝ።

ወረቀቱን ያጠፋሁ እኔ ነኝና ልወቅስህ አፍ የለኝም። ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ደህና ከሆንክ ለምን አልመጣህም?

በቱል


ጂዳ፣ ዙልቂዕዳ 3 ቀን 1397

እህቴ በቱል

ሰላም።

ደህና ስላልሆንኩ ነው።

ከረጀብ በፊት ጀምሮ ሆስፒታል ነኝ። ኩላሊቶቼ ናቸው። አሠሪዬ ፓስፖርቴን ይዟል ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ሰውየው ደግ ነው፣ አልጋውን የሚከፍልልኝ እሱ ነው። ነገ እነሳለሁ፣ ለዒድ እነሳለሁ እያልኩ ነበር። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ነኝ ይባላል፣ አባቶቻችን እንደዚያ አስተማሩን፤ እኔም ጻፍኩት። ቃዲ ያነበዋል ብዬ እንዴት ላስብ? አንቺ ርስቱን በውሃ አጠብሽው፣ እኔ ደግሞ በሰላምታ።

ከአጠገቤ አንድ የከሰላ ሰው ተኝቷል። እናቱ ከአገር በጠርሙስ የታጠበ ጽሑፍ ልካለታለች። ሲጠጣ አየሁት። ሳቅሁበት። ማታ ላይ ጠርሙሱን አየሁና መሳቄን ተውኩ።

በቱል፣ ከሐጅ የጥላሸት ጽሑፍ አንዲት መስመር ተርፋ ከሆነ፣ ስለ ናፍጣም ስለ ፍየልም የተጻፈች ብትሆን፣ ከሐጅ ተጓዦች ጋር ላኪልኝ። ቁራጩን አይደለም። እሱን እንዳትነኪው፣ ለይግባኝ ነው። ሌላ ካለ።

እንዲህ ብዬ ስለጠየቅኩሽ አትሳቂብኝ።

ታጅ


አርቲጋል፣ ዙልቂዕዳ 25 ቀን 1397

ወንድሜ ታጅ

አልሳቅኩም።

አራቱን ሳጥን መሬት ላይ ገልብጬ፣ እኔ፣ ሲዲቅና ልጆቹ አንድ በአንድ አየነው። እስክሪብቶ፣ ታይፕ፣ እስክሪብቶ፣ ማህተም። የጥላሸቱ አልቋል፤ ደሴቱ ጠጥቶታል። በየቤቱም አስጠየቅኩ። አንዷ ባዶ ወረቀቱን አምጥታ «ምናልባት ጥቂት ቀርቶ ከሆነ» አለችኝ፤ እንደ ታጠበ ሸማ ነጭ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ጋር የምታገኘው ቁራጩን ነው። ዐም ቡሻራ ዘንድሮ ሐጅ ይሄዳል፣ አገሩ አዋጥቶለታል፤ በቆዳ ከረጢት አድርጌ አንገቱ ላይ አስሬለታለሁ። ባምያውንም ይዟል።

አትቆጣ። አስቤበታለሁ። ሲዲቅ «ልጆቹስ?» ሲለኝ ያልኩትን ልንገርህ። «ቃዲው ምን አለ? ታጅ ካልቆመ ይህ የቆሻሻ ወረቀት ነው አለ። እንግዲህ ወረቀቱ ታጅ ነው፤ ይኼ የእሱ ቁራጭ ነው» አልኩት። ሲዲቅ «ሁለተኛ ደረጃ መጨረስ ጥሩ ነው» አለ። ሲያሾፍ ይሁን ሲያመሰግን አላወቅኩም።

እዚያ ዘምዘም ቅርብ ነው፤ በሱ እጠበው። የሐጅን ፊርማ ከፊት አድርግ። ያንተን ስም ከጠጣህ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ አሮጊቶቹን ብጠይቃቸው እነሱም አልሰሙም።

ጠጥተህ ተነስና ና።

በቱል


ጂዳ፣ ሙሐረም 2 ቀን 1398

እህቴ በቱል

ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ። በዚህ ቦታ የሚጻፈውን ልማድ ዘንድሮ ትቼዋለሁ። ደህና አይደለሁም።

ዐም ቡሻራ መጣልኝ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስለ ቴምሬ እያወራ አሳቀኝ። ያለ ጨው ያደረቅሽውን ባምያ ያበሰለልኝም እሱ ነው፤ የአገር ነገር ቀመስኩ።

ቁራጩን ሳህን ውስጥ አስቀምጬ ውሃውን በእጄ ይዤ ቆየሁ። በቱል፣ የሐጅ ፊርማ ላይ ያለችው ነጥብ እኔ ቀለሙን ሳነቃንቅ የተንጠባጠበች ናት። ጆሮዬን ቆነጠጡኝ፣ ከዚያ «ግድ የለም፣ ምስክር መሆንህ በዚህ ይታወቃል» አሉ። ለካ ይህን ቀን አላህ አሳይቷቸዋል። ውሃውን ደፋሁት። የሱዓድን ጣሪያ እንዴት ልጠጣ?

አሠሪዬ የዚህን አገር ቃዲ አልጋዬ ድረስ አመጣልኝ። በቁርኣን ማልኩ። ሐጅ የተናገሩትን፣ የት እንደተቀመጡ፣ ያቺን ነጥብ፣ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ራሴ ጻፍኩት፣ እሱም አተመበት። ከቁራጩ ጋር በዐም ቡሻራ ተልኮልሻል። ይዘሽው ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ሂጂ፤ አትዘግዪ።

በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት፣ ያውም ጠበቅ አድርጌ። እንዳታጥቢው።

ታጅ አልሲር


አርቲጋል፣ ረቢዑል አወል 9 ቀን 1398

ለወንድሜ ለታጅ አልሲር፣ ጂዳ

የአላህ ሰላም ባለህበት ሁሉ ይድረስህ። የቴምሩ አበባ ማሰሪያ ደርሷል፤ ደሴቱ ሁሉ ነጭ ብናኝ ሆኗል፣ ልጆቹ ያስነጥሳሉ።

አሸነፍን። ይህን በመጀመሪያው መስመር መጻፍ ነበረብኝ፣ ግን ሰላምታ ይቀድማል ብዬ ነው። የላይኛው ፍርድ ቤት ቃዲ ወፍራምና ቁጡ ሰው ነው። የጻፍከውን አነበበ፣ ቁራጩን አነሳ፣ ነጥቧን ፈልጎ አገኛት። ጣቱን አደረገባት። «ርስቱ የልጃገረዶቹ ነው፤ አይሸጥም፣ አይወረስም» ሲል ነፊሳ በእልልታ ልታቀልጠው ነበር፣ አፏን ያዝኳት። ወኪሉ ኖራውን ያጥብልን ብላለች ሱዓድ። እንደዚያ ስትል ሳቅሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ይህን ሁሉ በዚያው ሳምንት ጽፌልህ ነበር። መልስ አልመጣም። ደግሞ ጻፍኩ፤ ይህ ሦስተኛው ነው።

አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። ዐም ቡሻራ ከሐጅ ሲመለስ ፖስታህን ያደረሰልኝ በሰው እጅ ነው። እኔ በገደል በኩል ስመጣ እሱ በሜዳ በኩል ይዞራል። እንኳን ደህና መጡ ልለው ቤቱ ብሄድ ተኝቷል አሉኝ። ትናንት ያንተ ቴምር ላይ ወጥቶ አበባ ሲያስር ከሥር ቆሜ «ዐም ቡሻራ፣ ታጅን እንዴት ተውከው?» ብዬ ጠራሁት። «አላህ ዘንድ ሁሉም ደህና ነው» አለኝ ከላይ ሆኖ። እስኪወርድ ጠበቅኩት። አልወረደም። ስሄድ ነው የወረደው።

ሲዲቅም ሰሞኑን ስለ ወገቡ አያማርርም። ሻይ ያፈላልኛል።

ዛሬ ጠዋት ነፊሳ መጣች። ሐምዳንን እንደገና ትኩሳት ይዞታል። ደጃፌ ላይ ቁጭ አለች፤ ለረጅም ጊዜ የምትከናነበውን የቶቧን ጫፍ ስትጠቀልል ቆየች።

«በቱል እህቴ፣ ከታጅ ደብዳቤዎች አንዲት ብትሰጪኝ» አለችኝ።

«ታጅ እኮ በቁም ያለ ሰው ነው» አልኳት።

በቶቧ ፊቷን ሸፈነች።

እኔም «ደግሞስ እስክሪብቶ አይለቅም» አልኳት።

«ግድ የለም» አለች ከውስጥ ሆና፣ «እንሞክረው።»

አልሰጠኋትም። ደብዳቤዎችህን አውጥቼ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩባቸው፣ ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው። የሚነግረኝ ሰው መጥቶ ፊት ለፊቴ እስኪቀመጥ ድረስ፣ ያንተ ጽሑፍ ቀለም ብቻ ነው።

ጻፍልኝ።

እህትህ በቱል